ከገደሉ ሥር ያለው ምንጭ

ሎሬታ ካሪን የወንድሟን መጸዳጃ ቤት በር ከውስጥ ቆልፋ፣ ከሹራቧ ኪስ ያወጣችውን ትንሽ ከረጢት በጥርሷ ቀደደች። በውስጡ ያለው ዱቄት ቀይ ነው፤ ውሃ ሲያገኘው ግን እንደ ለጋ ሣር አረንጓዴ ይሆናል። የቤት ፍሳሽ ከመሬት በታች ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ የውሃ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ማቅለሚያ ነው። ዱቄቱን ከመጸዳጃው ውስጥ ጨምራ ውሃውን ለቀቀች፤ እስኪሞላ ጠብቃም ደግማ ለቀቀች።

"ሎሬታ፣" አለ አምብሮዝ ከወጥ ቤት ሆኖ፣ "ቤቱን ልትገዢው ነው ወይስ ልትከራዪው?"

"ሆዴን ትንሽ ቆርጦኝ ነው።"

"የራስሽን ውሃ ጠጥተሽ ይሆናላ።"

ስትወጣ ሻይ ቀድቶ ጠበቃት። አምብሮዝ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ብቻውን የሚኖር፣ ዕድሜውን በዓሣ ማጥመድ የጨረሰ፣ ከእሷ በብዙ ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው። ሎሬታ ደግሞ የግራፕል ኮቭ ከተማ የውሃ ኃላፊ ናት፤ ከኮረብታው ሐይቅ ወደ ቤቱ ሁሉ በሚወርደው ውሃ ላይ ክሎሪን የምትጨምረው እሷ ናት። በዚህም ምክንያት ስሟ በመንደሩ ውስጥ ከክሎሪን ተለይቶ አያውቅም።

"ጠጪ እንጂ። ከምንጩ የቀዳሁት ነው፤ ያንቺን የመዋኛ ገንዳ አላፈላሁልሽም።"

"ይብረድልኝ ብዬ ነው።"

አምብሮዝ ያልተነካውን ኩባያ አየ። ሎሬታም ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ልጅ ሳለች በቤቱና በገደሉ አፋፍ መካከል የድንች መደብ፣ የልብስ ማስጫ ገመድና አጥር ነበረ። አሁን ከደረጃው ላይ ሆኖ ሳህን የሚወረውር ሰው ባሕሩ ውስጥ ይጥለዋል። የከተማው ምክር ቤት መንገዱን ለማዳን በባሕሩ ዳር ትልልቅ ቋጥኝ አስደርድሯል፤ ቋጥኙ ግን ከአምብሮዝ ቤት ሳይደርስ ገንዘቡ አለቀ። በክረምቱ ማዕበል ገደሉ ሲናድ የቤቱ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ አንዱ ጎኑ ወደ ውጭ ወጣ። አምብሮዝ በሳንቃና በድንጋይ ሸፈነውና ሠራሁት አለ።

ሎሬታም አመነችው፤ ማመን ስለ ፈለገች አመነችው። በሰኔ መጀመሪያ ግን በባሕሩ ዳር ስትሄድ፣ ከጉድጓዱ ሥር የተነሣ ጥቁር እርጥበት በገደሉ ፊት ላይ ወርዶ፣ ከመንገዱ አጠገብ ወደሚፈልቀው ምንጭ ሲያዘነብል አየች። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፏ ተቆራረጠ።

ምንጩ የከተማው ሁሉ መመኪያ ነው። የቧንቧው ውሃ ሻይ ያበላሻል በሚል እያንዳንዱ ቤተሰብ ጀሪካን ይዞ ወደዚያ ይወርዳል። ከድንጋዩ ላይ በሰንሰለት የታሰረ የብረት ኩባያ አለ፤ ከአገር ርቆ የሰነበተ ሰው ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት መኪናውን አቁሞ በዚያ ኩባያ ይጠጣል። ሳይጠጣ የገባውን፣ ገና አልመጣም እያሉ ይቀልዱበታል።

ሎሬታ ማድረግ የሚገባትን አሳምራ ታውቀው ነበር። ከምንጩ ቀድታ ወደ መንግሥት ላቦራቶሪ መላክ ነበረባት። ነገር ግን ውጤቱ የሚደርሰው ለእሷ ብቻ አይደለም፤ ለጤና ተቆጣጣሪውም ይደርሳል። ተቆጣጣሪው ከመጣ፣ ሌላ ጉድጓድ የሚቆፈርበት መሬት በዚያ አፋፍ ላይ አልቀረምና፣ ቤቱ ይታሸጋል። አምብሮዝም በተወለደበት ክፍል ውስጥ እሞታለሁ ብሎ የሚኖር ሰው ነው። ስለዚህ ለማንም ወሬ የማያቀብለውን ማቅለሚያ መረጠች። ውሃው እንደ ጠራ ከቀረ ትተኛለች፤ አረንጓዴ ከሆነ ያን ጊዜ ታስብበታለች። በልቧ ያለችው ይህን ነው። "ያን ጊዜ" የሚለው ቃል ከአልጋ ይልቅ ለሕሊና ይመቻል፤ ሎሬታም ተኛችበት።

በማግስቱ ማለዳ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ወደ ምንጩ ወረደች። ጭጋጉ ባሕሩን ከድኖታል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ካፕሊን የሚባለው ትንሽ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ዳር የሚወጣበት ወቅት ነው፤ ድሮ አሸዋው ላይ ተንከባሎ ሰው በባልዲ ያፍሰው ነበር፤ አሁን አሸዋው ተጠርጎ ድንጋዩ ስላገጠጠ የሚያርፍበት አጥቶ ይመለሳል። ሳህኑን ሞላችው። ውሃው እንደ መስታወት ጠርቷል።

"ሌባዋን ያዝኳት!" አለ ከኋላዋ ጀርቫስ ቶቢን። ጎረቤቷ፣ የአግነስ ባል ነው፤ ጀሪካኖቹን ከመኪናው ላይ እያወረደ ነበር። "ክሎሪኗ እመቤት ራሷ በድብቅ ከምንጩ ትቀዳለች። ይህን ለመንደሩ ሳልናገር ባድር ምላሴ ይድረቅ።"

"አግነስ እንዴት ናት?"

"ሆዷ አልቆም ብሎ ትናንት ሆስፒታል አስገባኋት። ዓሣው ነው ይላሉ። እኔም የበላሁት ያንኑ ዓሣ ነው፤ ግን ይኸው፣ ጋኔን አይነካኝም።"

ሎሬታ አፏን ከፈተች። ጀሪካኑ በምንጩ ሥር እየተንቆረቆረ ይሞላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ዓረፍተ ነገሩም ተሰክቶ አልቆ በምላሷ ላይ ተቀምጦ ነበር። "ዓሣ በዚህ ወቅት ያስቸግራል" አለችና ሳህኗን ደፍታ ሄደች።

በሚቀጥለው ቀንም ውሃው እንደ ጠራ ነበር። በሚቀጥለውም። ፍርሃቷ እየቀለለ ሲሄድ በቦታው የገባው ደስታ ግን ንጹሕ አልነበረም፤ ማቅለሚያው በመሬት ውስጥ ቀስ ብሎ ሊሄድ እንደሚችል ታውቃለችና። ሌሊቱን ሁሉ ዘነበ። እሷም ዝናቡን እያዳመጠች ስለ አግነስ ጸለየች፤ ልትነግራት የሚገባትን ሳትነግራት ስለ እሷ መጸለይ ምን ዓይነት ጸሎት እንደ ሆነ ግን ራሷን አልጠየቀችም።

እሑድ ከቀትር በኋላ ስልኩ ጠራ። ማሪና ናት፣ ልጇ፤ ኩላሊት ከተቀየረላት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤት መምጣቷ ነው። የሌላ ሰው ኩላሊት በሰውነቷ ውስጥ እንዲቀመጥ የምትውጠው መድኃኒት በሽታ የመከላከል አቅሟን አድክሞታል፤ ሐኪሞቹም ከምትበላውና ከምትጠጣው እንድትጠነቀቅ አስጠንቅቀዋት ነበር።

"እማ፣ አውሮፕላኑ ቀደም ብሎ ገባ። መኪና ተከራይቼ ደርሻለሁ ማለት ይቻላል። ዳቦ አለ?"

"አለ። ማሪና፣ በቀጥታ ወደ ቤት ነይ።"

"ምንጩን አልፌ? ገና አልመጣችም ሊሉኝ?"

"አትጠጪ።"

"ለምን?"

ሎሬታ የስልኩን እጀታ ጨበጠች። ምክንያቱ አንድ ነው፤ አጭርም ነው። "ቀዝቃዛ ነው፤ ሆድሽን ይነካሻል" አለች።

ማሪና ሳቀች። "እማ ደግሞ፣ የአምስት ዓመት ልጅ አደረግሽኝ እኮ። መጣሁ" ብላ ስልኩን ዘጋች። ሎሬታ መልሳ ብትደውልም ማሪና አላነሣችም።

ሎሬታ ኮቷን ሳትደርብ መኪናዋን አስነሣች። መንገዱ አጭር ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን ልጇን በልቧ ቀብራ ጨረሰች። ጭጋጉን ሰንጥቃ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው የተከፈተውን የኪራይ መኪና በር ነው፤ ቀጥሎ ማሪናን አየች፤ የነጭ ሸሚዟ ደረት ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኗል። ከፊቷ አምብሮዝ ኩባያውን ከነሰንሰለቱ ጨብጦ ቆሟል። ከድንጋዩ የሚወርደው ውሃ በጭጋጉ ውስጥ እንኳ ያበራ ነበር።

"ጠጣሽ?"

"ቸኩዬ ቀለሙንም ሳላይ ቀዳሁ፤ ከንፈሬ ሳይነካው አጎቴ እጄን መታኝ" አለች ማሪና። "ምንድን ነው ይሄ? መርዝ ነው?"

"ማቅለሚያ ነው። ማቅለሚያው አይጎዳም፤ የሚጎዳው..."

"የሚጎዳው አብሮት የመጣው ነው" አለ አምብሮዝ። "ለሻዬ ልቀዳ ወርጄ አየሁትና፣ ሰው አረንጓዴ የሚለብስበት የመጋቢቱ የቅዱስ ፓትሪክ በዓል በሰኔ መጣ እንዴ አልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ረቡዕ አንቺ ከሄድሽ በኋላ መጸዳጃዬ ላይ አረንጓዴ ቀለበት ቀርቶ ነበር፤ ሳሙና መስሎኝ ፈገፈግኩት። ሻዬንም ሳትጠጪ ነው የሄድሽው።"

"አምብሮዝ፣ ቤትህን..."

"ቤቴን አውቀዋለሁ። ብትጠይቂኝ ኖሮ ዱቄቱን እኔው በእጄ እጨምረው ነበር። አንቺ ግን እንደ ሕፃን ደብቀሽኝ ልታኖሪኝ ፈለግሽ።"

ሎሬታ ወንድሟን ልታተርፍ ነው የዋሸችው፤ እሱ ግን ልታድነው የሞከረችውን ቤት ሳይሆን የነሣችውን ክብር ነበር የቆጠረባት።

የመኪና ድምፅ ተሰማ። ጀርቫስ ነው፤ ባዶ ጀሪካኖቹ ከኋላ ይንኳኳሉ። አምብሮዝ ወደ መንገዱ መሀል ወጥቶ እጁን ዘረጋ።

"ተመለስ፣ ጀርቫስ። የቤቴ ቆሻሻ ውሃው ውስጥ ገብቷል።"

"ቀልድህን ተው፣ ጋሽ አምብሮዝ። ለአግነስ የምወስደው ነው።"

"ለአግነስ?" አለች ሎሬታ።

"የሆስፒታሉን ውሃ አልጠጣም ብላ አስቸገረቻ። በየቀኑ በጠርሙስ እወስድላታለሁ።" ይህን ሲል ዓይኑ ምንጩ ላይ ዐረፈ፤ ከዚያም በማሪና ሸሚዝ ላይ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ በቦታው ደረቀ።

ሎሬታ ወደ መኪናው መስኮት ቀረበች። "ጀርቫስ፣ እኔ ጠርጥሬ ነበር። ያን ማለዳ ሳህን ይዤ ያገኘኸኝ ለዚህ ነበር። ስትቀዳ እያየሁ ዝም አልኩህ።"

ጀርቫስ አልጮኸም። ሳትሰድበው የተሰደበ ይመስል ነበር። "ስለ አግነስ ጠይቀሽኝ ነበር እኮ" አለ። "እንዴት ናት ብለሽ ጠይቀሽኛል።" መኪናውን አዙሮ ወደ ሆስፒታሉ መንገድ ከነፈ፤ ጀሪካኖቹ በየኩርባው ሲንኳኩ ይሰማ ነበር።

አምብሮዝ ከኪሱ ፒንሳ አውጥቶ ሰንሰለቱን ቆረጠ፤ ኩባያውንም ኮቱ ውስጥ ከተተ። "አሁን ደውይላቸው" አላት። ሎሬታ እዚያው ቆማ ለተቆጣጣሪው ደወለች። የቤቱን ባለቤት ስም ሲጠይቃት ድምፅዋ ተሰበረ፤ አምብሮዝ ስልኩን ከእጇ ወስዶ ስሙን ፊደል በፊደል ራሱ አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወንድምና እኅት እስኪመሽ ድረስ በመንገዱ ላይ ቆመው የመጣውን መኪና ሁሉ መለሱ። እሱ "የቤቴ ቆሻሻ ነው" ይላል፤ እሷም "ጠርጥሬ ዝም ብዬ ነበር" ትላለች። አንዳንዱ አዘነላቸው፤ አንዳንዱ ተሳደበ፤ አንዲት ሴት ግን ከኋላ የተኛውን ሕፃኗን ዞራ አየችና ምንም ሳትናገር ሄደች። ሎሬታን ከስድቡ ሁሉ ይልቅ ያ ዝምታ ጎዳት።

ማታ በሎሬታ ወጥ ቤት ተቀመጡ። ማሪና ሸሚዟን ቀይራ ዳቦውን ቆረሰች፤ የበላ ግን የለም። አምብሮዝ በቧንቧው ውሃ የፈላውን ሻይ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ፊቱን አጨማደደ፤ ከዚያም እንደ መድኃኒት ጨለጠውና ኩባያውን ዘረጋላት።

"ድገሚኝ" አላት።

ቀዳችለት። ስልኩ ከመካከላቸው ከጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ጀርቫስ ገና አልደወለም።