ሳያይ አይጽፍም

ሥራዬ ሰው በበዓል ቀን የት መሄድ እንዳለበት መንገር ነው። እኔ ራሴ በበዓል ቀን የምሄደው ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ ነው። ሦስት ቀን የሚዘልቅ በዓል በመጣ ቁጥር በከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ላይ «በበዓሉ ምን እናድርግ?» የሚል ዓምድ ይወጣል። የዓምዱ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ጸሐፊ ማለቱ እንኳ ያስተዛዝባል። የአምናውን ከመሳቢያዬ አወጣና «ውብ» የሚለውን ሁሉ «ማራኪ» አደርገዋለሁ። ለከርሞ ደግሞ «ማራኪ»ውን ወደ «ውብ» እመልሰዋለሁ። በዚህ ዓይነት አራት ዓመት በሰላም ኖርኩ። አዘጋጃችን አያነበውም፤ ባለቤቴ እያነበበች ትስቅብኛለች፤ ሌላ የሚያነበው ሰው ያለም አይመስለኝም ነበር።

አንድ አንባቢ ግን ነበረኝ፤ የባለቤቴ አባት።

አማቴ የሚኖሩት ሌላ ከተማ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ። ገበያ ለገበያ እየዞሩ የነጋዴው ኪሎ በእርግጥ ኪሎ መሆኑን ሲያረጋግጡ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ መውጣታቸውን ግን ለእጃቸው የነገረው የለም። እኛ ቤት ሲመጡ የስኳሩን ከረጢት አንስተው መዳፋቸው ላይ ከፍ ዝቅ ያደርጉትና «ሃምሳ ግራም ይጎድለዋል» ይላሉ። ልጃቸውን ሳገባ እኔንም እንዲሁ መዝነውኝ ይመስለኛል፤ ምን ያህል እንደምጎድል አልተናገሩም እንጂ። ለሰባት ዓመት «ሰውዬው» ነበርኩ። «ሰውዬው ደህና ነው?» «ሰውዬው ሥራ አገኘ?» ያውም አጠገባቸው ተቀምጬ።

ይህ የተለወጠው ዓምዱን ስጀምር ነው። ባለቤቴ ጋዜጣውን ትልክላቸዋለች፤ እሳቸው ገጹን በመቀስ ቆርጠው፣ ድሮ የቁጥጥር ሪፖርት በሚያስቀምጡበት አቃፊ ውስጥ ያኖሩታል። አንድ ቀን ስልክ ደወሉና «ልጄ፣ ጽሑፍህን አየሁት። ጥሩ ነው» አሉኝ። እኔ ያለ አባት ነው ያደግኩት። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ «ልጄ» ሆኜ ቀረሁ፤ በዓለም ላይ እንዳይወሰድብኝ የምፈራው ነገር ቢኖር ይህ ቃል ነበር።

በዚህኛው በዓል ዋዜማ አማቴ ሳይነግሩን መጥተው በራችንን አንኳኩ። በአንድ እጃቸው ሻንጣ፣ በሌላው አቃፊው። በኮታቸው ኪስ ውስጥ በደንብ የተቀረጸ እርሳስ ሰክተዋል። የመጡት ልጃቸው፣ ማለትም እኔ፣ በዓምዱ የዘረዘርኳቸውን አራት ቦታዎች በተራ ሊዞሩ መሆኑን አስታወቁ። ባለቤቴ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። አሞኛል ልል አስቤ ነበር፤ ግን እኚህ ሰው ግንባሬን ነክተው ትኩሳት እንደሌለኝ እስከነ ነጥቡ ይነግሩኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ተራ ቁጥር አንድ «በማራኪው ሐይቃችን ላይ ቤተሰብዎን በጀልባ ያንሸራሽሩ» ይላል፤ ዓመቱ የማራኪ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ አማቴ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴትዮ፣ ከዚያ ለትኬት ቆራጩ፣ ከዚያ ለሾፌሩ፣ አማቻቸው የጋዜጣ ሰው መሆኑን ነገሩ። እኔ በመስኮት አሻግሬ እያየሁ ጎማው እንዲፈነዳ እለምን ነበር። ጎማውም ጨክኖብኝ አልፈነዳም።

ሐይቁ የለም። በቦታው ሣር የበቀለበት ጎድጓዳ ሜዳ ተዘርግቷል፤ አንዲት ጀልባ በጎኗ ተጋድማለች፣ ውስጧ ድመት ወልዳለች። ዳር ዳሩን ሠላሳ የሚሆን ሰው ልብሱን አሳምሮ፣ ልጆቹን አሰልፎ ቆሟል። ሁሉም ጋዜጣዬን ይዟል። አንባቢ የለኝም እያልኩ ስኖር ለካ አንባቢዎቼ በየበዓሉ እዚህ ይሰበሰባሉ።

በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ የተቀመጠው ጥበቃ ውሃው ከደረቀ ሦስት ዓመት እንዳለፈው ለሕዝቡ ያስረዳል። የተቀጠረው ጀልባ ሊጠብቅ ነበር፤ አሁን ሥራው ይህን ጋዜጣ ይዞ የሚመጣውን ሰው እያጽናና መመለስ ሆኗል። አንዲት እናት በዓምዴ ፊቷን እያራገበች፣ ይህን የጻፈ ሰው ለመሆኑ ዓይን አለው ወይ ብላ ጠየቀች።

አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጀታቸውን ይዤ ልጎትታቸው ሞከርኩ፤ ማን ሊነቃነቅ።

«የጻፈው ልጄ ነው» አሉ፣ ገበያ መሃል የለመዱትን ድምፅ አውጥተው። «ልጄ ደግሞ ሳያይ አይጽፍም። ጥበቃው ቀኑ ተምታቶበት ይሆናል።»

ሠላሳ ሰው ወደ እኛ ዞረ። አማቴም ወደ እኔ ዞሩ፤ መልሱን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው ረጋ ብለው «ንገራቸው እስቲ፣ ልጄ» አሉኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ለመዋሸት ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት ውሃ ነበረ ማለት ብቻ ነው። ግን እኚህ ሰው ድፍን ሠላሳ ስድስት ዓመት የማንንም ቃል ሳይመዝኑ ተቀብለው አያውቁም። የኔን ብቻ ሳይመዝኑ ተቀበሉ፤ ጭራሽ በሰው ፊት ዋስ ሆኑኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አላየሁትም፣ አባባ» አልኩ። «አራት ዓመት ሙሉ አንዱንም ሄጄ አላየሁም። የአምናውን ነው የምገለብጠው።»

ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። አንድ ሰውዬ ሚኒባስ ተከራይቶ አሥራ አንድ የቤተሰቡን ሰው ይዞ መምጣቱን ብቻ ነገረኝ፤ አሥራ አንዱም በተራ አዩኝ። አማቴ እርሳሳቸውን አውጥተው ተራ ቁጥር አንድ ላይ ሰረዝ አደረጉ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው «ሰውዬው የሁለተኛውን መንገድ ያውቀዋል?» አሏት።

ከመሰረዜ ይልቅ ድምፃቸውን ከፍ አለማድረጋቸው ነው የጎዳኝ።

አሁንስ ወደ ቤት እንመለሳለን ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ገበያ ውስጥ አንዱ የሚዛን ድንጋይ ጎድሎ ከተገኘ የቀሩት ሁሉ እንደሚመዘኑ፣ ይህንንም ለሰውዬው እንድትነግረው ለልጃቸው አስታወቁ። እሷም አጠገቧ ለቆምኩት ለእኔ ነገረችኝ።

ተራ ቁጥር ሁለት ሙዚየሙ ነበር። በበዓል ቀን ዝግ ነው፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ በፀሐይ ከመንጣቱ የተነሳ በዕድሜ ከኔ ዓምድ ይበልጣል። ተራ ቁጥር ሦስት አደባባዩ ላይ የሚጫወተው የነሐስ ባንድ ነበር። በባንዱ ቦታ መኪና ቆሟል። የመኪና ማቆሚያው ሠራተኛ ባንዱ መበተኑን ነግሮን ሲያበቃ፣ ከበሮ መቺው እሱ እንደነበረ ጨመረና የአንዷን መኪና ጣሪያ በጣቱ መታ መታ አደረገልን። አማቴ እስኪጨርስ ቆመው ሰሙት፤ ከዚያ ከተራ ቁጥሩ ጎን «በከፊል» ብለው ጻፉ።

ለእሑድ አራተኛው ቀረ፤ የከተማው ማማ። «በአሳንሰር ሽቅብ ወጥተው ይደሰቱ» ብያለሁ። አሳንሰሩ ተበላሽቷል። ባለቤቴ አባቷ ሰባ አንድ ዓመታቸው መሆኑን አስታወሰቻቸው። እሳቸው ደረጃውን እየቆጠሩ መውጣት ጀመሩ። መቶ ላይ ኮታቸውን ተቀበልኳቸው። ሁለት መቶ ላይ አቃፊውን። ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ እኔ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው እየቆጠሩ አለፉኝ።

እዚህ ከተማ ተወልጄ አድጌ ማማው ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ጣሪያው ሁሉ ተደርድሮ ይታያል፤ መንገዶቹ ከዚያ ሲያዩአቸው የሚገናኙበት ቦታ አላቸው። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱም አሳፈረኝ። ባለቤቴ የቤታችንን ሰገነት ፈልጋ አገኘችና፣ አስገባሁት ያልኳት ልብስ አሁንም ተሰጥቶ በማየቷ ከት ብላ ሳቀች። አማቴ የማማውን መደገፊያ ብረት ይዘው ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አዩ።

«ለሰውዬው ንገሪው» አሉ በመጨረሻ። «ይኼን ይጻፍ።»

ሰኞ ወደ ከተማቸው ተመለሱ። አቃፊውን ጠረጴዛችን ላይ ትተውት ነበር የሄዱት።

ለሚቀጥለው በዓል መሳቢያዬን አልከፈትኩም። ሁለት ሳምንት በእግሬ ዞርኩ። ሐይቁ እንደሌለ፣ ድመቷ ግን ልጆቿን አሳድጋ እዚያው እንዳለች ጻፍኩ። ሙዚየሙ በየትኞቹ ቀናት እንደሚከፈት፣ ከበሮ መቺው በስንት ሰዓት ሥራ እንደሚገባ ጻፍኩ። አዘጋጁ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበውና ዝርዝር ነው ወይስ ክስ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሌላ የሚሞላበት ስላልነበረው አወጣው። ማማውን ብቻ ጉልበቴን ፈርቼ በድጋሚ አልወጣሁትም። ትዝታዬን አምኜ «ሦስት መቶ አሥር ደረጃ» ብዬ አለፍኩት።

የበዓሉ ቅዳሜ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ ሳለሁ ስልክ ጮኸ። አማቴ ናቸው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነው» አሉ። «አልቆጠርከውም። ሁለት ደረጃ ቀላል አይምሰልህ፣ ልጄ። ሰው ጨረስኩ ብሎ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።»

ዘጉት። ጫማዬን ፈልጌ ማሰር ጀመርኩ። ባለቤቴ በበዓል ምድር ወዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ደረጃ ልቆጥር ነው አልኳት።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት።