ቀይ ክር ያለበት ማንቆርቆሪያ

የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ብር ነው ብሎ የሚከራከረኝን ሰው አልወድም። ሃያ ዓመት ሙሉ የድሮ ዕቃ ስገምት የሰለቸኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። «አያቴ ከፈረንሳይ ያመጣው ንጹሕ ብር ነው» ይሉኛል፤ ገልብጬ ቂጡን ሳሳያቸው ያኮርፋሉ። የሚያኮርፉት ደግሞ እኔን እንጂ አያታቸውን አይደለም።

ባለፈው ማክሰኞ የመጣችው ሴትዮ ግን የባሰባት ናት። አርባዎቹን አጋምሳለች፣ ዘናጭ ናት። ውስጡ ሰማያዊ ከፋይ የለበሰ ሳጥን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና፣ የእናቴ ውርስ ነው፣ ልሸጠው ስለሆነ ዋጋውን በወረቀት ጻፊልኝ አለችኝ። ከፈትኩት። የድሮ የፈረንሳይ የቡና ማንቆርቆሪያ ነው፤ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ አፉ አጭር፣ በስተጎኑ ጥቁር የእንጨት እጀታ የወጣለት። ሆዱ ላይ ብሩ አልቆ መዳቡ ቀልቷል። እጀታው ሲነቃነቅ ጊዜ ቀስ ብዬ ነቀልኩት። የእንጨቱ ጫፍ ላይ ቀይ ክር ተጠቅልሏል።

ያን ክር አውቀዋለሁ። በዓይኔ አይቼው አላውቅም፣ ግን ሲወራልኝ ነው ያደግኩት።

እናቴ በአንድ ትልቅ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። በየማለዳው የቤቱን የብር ማንቆርቆሪያ በአመድና በጨርቅ ትወለውላለች። እጀታው ሲላላባት ከቀሚሷ ጠርዝ ቀይ ክር መዝዛ፣ ጠቅልላ አጠበቀችው። አንድ ቀን ሆዱ እየቀላ መሆኑን አየች። ደግ የሠራች መስሏት ራሷ ሄዳ ለእመቤቲቱ ነገረቻት። እመቤቲቱ፣ ብር እንዴት ሆኖ ይቀላል፣ እውነተኛውን ሸጠሽ በመዳብ ለውጠሽብኛል አለቻት። ያኑ ቀን ሻንጣዋ በጎረቤት ፊት ተበረበረ። ምንም አልተገኘም። እንዳልተገኘ ሲያዩ፣ በቃ ሸጣዋለች አሉ።

እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ደፍሮ የቀጠራት ቤት የለም፤ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችኝ። ሰፈሩ «ብር ለዋጯ» ብሎ ስም አወጣላት፣ እኔም የብር ለዋጯ ልጅ ሆንኩ። ዛሬ ሰባ ዓመቷ ነው። ዛሬም ከሰው ቤት ስትወጣ፣ የገዛ እህቷ ቤት እንኳ ቢሆን፣ በር ላይ ቆማ ቦርሳዋን ከፍታ ታሳያለች። ማንም ሳይጠይቃት። ወድጄው ይህን ሙያ የተማርኩ እንዳይመስላችሁ፤ ንጹሕ ብርና ብር ቅብ በምን እንደሚለዩ ለማወቅ ነው የገባሁበት፣ በንዴት።

ማጉያ መነጽሬን አንሥቼ ማንቆርቆሪያውን ገለበጥኩት። የሠሪው ማህተም ካሬ ነው፣ ደልደል ብሎ የተቀመጠ ካሬ። ፈረንሳዮች ንጹሕ ብር ላይ የሚመቱት በአንድ ጫፉ የቆመውን ነው፤ የተቀመጠውን ካሬ ካያችሁ ቅብ ነው፣ አለቀ። ሳጥኑን ስፈትሽ ደግሞ ከከፋዩ ሥር የመግዣ ወረቀቱ ታጥፎ አገኘሁ። ያው ማህተም ታትሞበታል፣ በፈረንሳይኛም ብር ቅብ መሆኑ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

ከመጀመሪያውም ቅብ ነበር። የለወጠው ሰው የለም። ዘጠኝ ዓመት በአመድ ሲታሽ ብሩ አለቀ፣ ሌላ ምንም አይደለም። እናቴን ሌባ ያስባላት ጉብዝናዋ ነው።

ማን መሆኔን ሳልናገር ወረቀቱን አነበብኩላት። ሴትዮዋ አልደነገጠችም። እሱንማ እናውቃለን አለች። ለካ አባቷ እናቴ በተባረረች በዓመቱ ወረቀቱን ፈረንሳይኛ ለሚያውቅ ወዳጁ አስነብቦት ኖሯል። በዚህ ማንቆርቆሪያ ሰበብ አንዲት ሠራተኛ እንኳ አባረን ነበር ብላ ፈገግ አለች። አሁን የመጣችው፣ ቅብም ቢሆን አሮጌ ስለሆነ ያወጣ ይሆናል ብላ ነው።

«ካወቃችሁ በኋላስ ሠራተኛዋን ፈለጋችኋት?» አልኳት።

«ሄዳ ነበር እኮ» አለች። «ከሄደች ወዲያ ምን ይደረጋል?»

ደሜ ፈላ። እስከዚያ ድረስ እርስዎ እያልኩ ነበር የማናግራት፤ እርስዎ መባሏ እዚያ ላይ አበቃ። የዚያች ሠራተኛ ልጅ ነኝ አልኳት። የዋጋውን ወረቀት የምጽፍልሽ ነገ አራት ሰዓት ላይ፣ እናቴ እዚህ ተቀምጣ፣ አሁን ያልሽውን በአፍሽ ከነገርሻት በኋላ ነው። ካልፈለግሽ ሳጥንሽን ይዘሽ ውጪ፤ ግን በዚህ ከተማ ያለ ገማች ሁሉ እኔ ዘንድ የተማረ ነው፣ አንዱም አይጽፍልሽም አልኳት።

በማግስቱ መጣች። እናቴ ቀድማ መጥታ፣ የሱቄ ወንበር ጫፍ ላይ እጆቿን ብብቷ ሥር ከታ ተቀምጣለች። ሴትዮዋን ስታይ ብድግ ብላ እንደምን አደሩ አለቻት። እንደምን አደሩ። በዕድሜ ልጇ የምትሆነው ሴትዮ ደግሞ «ደህና ነሽ?» አለቻት።

ሴትዮዋ ተናገረች፤ ከመጀመሪያውም ቅብ እንደነበር፣ እናቴ ምንም እንዳልወሰደች፣ እነሱም በዓመቱ እንዳወቁ። እናቴ ማንቆርቆሪያውን ሳትነካው አጎንብሳ አየችው።

«እየቀላ ነው ብዬ ነግሬያቸው ነበር እኮ» አለች። «ይወቁት ብዬ።»

ሴትዮዋ ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉረመረመች። እኔም ጻፍኩ፤ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ብር ቅብ፣ ያልተለወጠ፣ መዳቡ የወጣው ታማኝ እጅ አብዝቶ ስለወለወለው። ፈርሜ፣ ማህተሜን መትቼ ለሴትዮዋ ሰጠኋት። የእናቴ ስም ጸዳ ብዬ ተነፈስኩ።

እናቴ ልትሄድ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለችና ቦርሳዋን ከፈተችላት። መሐረብ፣ ቁልፍ፣ የደም ግፊት ክኒን።

ሴትዮዋም አየች። አንገቷን ሰገግ አድርጋ ውስጡን አየች።

ወረቀቱን ከእጇ መንጭቄ አጠፍኩት፣ እናቴ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩትና ዘጋሁት።

«የኔ ወረቀት እኮ ነው» አለች ሴትዮዋ።

«አዎ፣ ያንቺ ነው» አልኳት። «ያቺ ሠራተኛችሁ ምን ወሰደችባችሁ ብሎ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ፣ ይህን ወሰደች በይው።»