የጥቁር ጉድጓድ ራጅ

ልጄ ሄራን ሰኞ እዚህ በምንኖርበት ሮም ለዶቶራቶ፣ ማለትም ለዶክትሬት ትምህርት፣ ቃለ መጠይቅ ነበራት። ባለፈው ዓመት ሌላ ከተማ ሄዳ ፕሮፌሰሮቹ ፊት ድምጿ ጠፍቶባት ተመልሳለች። «ዘንድሮም ካልሆነ ይቅር፤ ጀርመን ሄጄ በኮምፒውተር ሥራ እቀጠራለሁ» ብላ ቆርጣለች። ስትለማመድ በሯ ላይ ቆሜ እሰማታለሁ። ያለ ትንፋሽ ነው የምትናገረው። ጣሊያንኛዬ ለሥራ እንጂ ለእንዲህ ያለው ነገር አይበቃም፤ መፍራቷን ግን ከድምጿ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ማንበብና መጻፍ እማራለሁ። ሁላችንም በየሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ነን። የዚያን ቀን መምህራችን «ስለ ልጃችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ» አለን። ሄራን የምታጠናው በሰማይ ያሉትን፣ ብርሃንን እንኳ የሚውጡትን ጥቁር ጉድጓዶች ነው፤ በዙሪያቸው ከሚሽከረከረው ጋዝ የሚወጣውን ራጅ፣ ወደ ጠፈር በተላከ ቴሌስኮፕ ታያለች። ይህን ሁሉ መቼ ጽፌ ልጨርሰው? «ልጄ ሄራን ራጅ ታያለች» ብዬ ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩ። ተጨበጨበልኝ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የቤታችን ደወል ጮኸ። አብረውኝ የሚማሩት እትዬ ዘርፈሽዋልና ቅሳነት ናቸው። እትዬ ዘርፈሽዋል የጉልበታቸውን ራጅ በትልቅ ፖስታ ታቅፈዋል። ቅሳነት የትከሻዋን ይዛለች።

«አሎራ፣ እንግዲህ ዶክተሯ ዶቶሬሳችን የታለች?» አለች ቅሳነት።

ክው አልኩ። የመጨረሻ የልምምድ ቀኗ ነው! ግን እኛ ሰፈር ፒኜቶ ድረስ የመጡ ሰዎችን እንዴት ልመልስ? ሄራን ከክፍሏ ወጥታ ፖስታዎቹን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«እማዬ፣ ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?»

«እውነቱን። ትንሽ አሳጠርኩት እንጂ።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ እትዬ ዞረች። «እትዬ፣ እኔ ጉልበት ማየት አልችልም። ሐኪምዎ ናቸው የሚያውቁት።»

«ታዲያ የምን ራጅ ነው የምታዪው?»

«የጥቁር ጉድጓድ።»

«ጥቁር ከሆነ ምኑ ይታያል? በእኔ በአሮጊቷ ታሾፊያለሽ?»

ሄራን ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «የሚያበራው ጉድጓዱ አይደለም፤ ገና ያልገባው ጋዝ ነው። ጠዋት ቴርሚኒ ጣቢያ ሜትሮ ባቡር ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ይጋፋ የለ? ሳይገባ ነው በላብ የሚጠመቀው። ጋዙም እየተሽከረከረ ወደ ጉድጓዱ ሲቀርብ እርስ በርሱ ይፋተጋል፣ ይግላል። በጣም ሲግል ራጅ ያወጣል።»

«እኔ ነኛ!» አለች ቅሳነት። «ባለፈው ሳምንት ቦርሳዬ ገባ፣ እኔ ውጭ ቀረሁ!»

«ሐኪም ቤት ራጁን የሚልከው ማሽኑ ነው። ይሄኛውን ግን ጋዙ ራሱ ይልክልናል፤ የእኛ ሥራ መቀበል ነው።»

«ለመቀበልማ ጣራ ላይ መውጣት አይበቃም?» አሉ እትዬ። «ጠፈር ድረስ ምን አስኬዳችሁ?»

«አየሩ አያሳልፈውም፤ መሬት አይደርስም። ደግሞም እንኳን አልደረሰ፣ ይጎዳን ነበር።»

እትዬ አማተቡ። «ተመስገን! እንዲህ አድርገሽ ንገሪያቸዋ! እናትሽ ትፈራለች ስትለኝ ምላስ የሌለሽ መስሎኝ ነበር።»

እስከ ምሳ ቆዩ። ቅሳነት መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ፕሮፌሰር ሆነች፤ እትዬም መልሱ ካልገባቸው «አልገባኝም፣ ድገሚው» እያሉ አላስቀመጧትም።

የሰኞው ቃለ መጠይቅ በኮምፒውተር ነበር። እኔ ኩሽና ውስጥ ቆሜያለሁ። አንዱ ፕሮፌሰር አጭር ነገር ጠየቃት። ዝም አለች። ወይኔ ልጄን፣ ዘንድሮም! ከዚያ ድምጿ መጣ፤ ቀስ ያለ፣ ለእትዬ ስታስረዳ የነበረው ድምፅ። ሜትሮ የሚል ቃል ሰማሁ። ፕሮፌሰሮቹ ሳቁ። ሳቁባት ብዬ የኩሽናውን በር ያዝኩ፤ እሷም አብራ ስትስቅ ነው የተቀመጥኩት።

ሐሙስ ውጤቱ ወጣ። አልፋለች፤ እዚሁ ሮም! እልልታዬን ሰምተው ከታች ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ሲኞራ ምን ተፈጠረ ብለው እየሮጡ ወጡ። ሄራን አቅፋኝ፣ ሦስት ዓመት በዚያ ቴሌስኮፕ እንደምትሠራ ነገረችኝ።

«እዚያ ላይ እያለ ቢበላሽስ? ማን ይጠግነዋል?» አልኳት።

«ማንም አይጠግነውም። ማን ይደርስበታል?»

ይኸው ሌላ ጭንቀት! በማግስቱ ጠዋት ስጸልይ የእሷን ስም ጠርቼ ቴሌስኮፑንም ጨመርኩ። ሰማችኝ።

«እማዬ፣ ለማሽንም ይጸለያል እንዴ?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ሥሪበት» አልኳት።