ኮራሎቹ እንዳይሞቱ

ላንቻ ካለው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኢያቄም ድንጋይ ያሳድጋል። ግቢው እንደዚያ ነው የሚለው። እሱ ደግሞ ኮራል ነው፣ ነፍስ ያለው የባሕር እንስሳ ነው፣ ድንጋዩ አጥንቱ ነው እያለ ሲያስረዳ አይደክመውም። ባሕር በሌለበት አገር ባሕርን ሳሎኑ ውስጥ የከተተ ሰው ትንሽ ቢኩራራ አይፈረድበትም። ኢያቄምን ግን ትንሽ አልበቃውም።

ሙያውን አንክድበትም። ጨዋማውን ውሃ ራሱ ይበጠብጣል፤ ካልሲየሙን በጠብታ ይለካል፤ ለአዲስ አበባ ብርድ ማሞቂያ፣ ውሃውን እንደ ማዕበል የሚገፋ ፓምፕ አስገብቷል። አውራ ጣት የማታክል ቁራጭ ሆና የመጣችው ሐምራዊ ኮራል ዛሬ ቅርንጫፍ አውጥታ የመስታወት ገንዳውን አንድ ጥግ ይዛለች። መብራት ጠፍቶ ውሃው ከቆመ ኮራሎቹ ታፍነው እንደሚሞቱ ስለሚያውቅ፣ ከባትሪ መብራት የሚያወጣ ኢንቨርተር ከሁለት ትልልቅ ባትሪዎች ጋር ገዝቷል። ያንንም ለግቢው ሁሉ አውርቷል።

ምድር ቤት የሚኖሩት አቶ ሃይላይ የተቀበሩ ዕለት፣ ሰው ከቀብር ሲመለስ መብራት ጠፋ። አመሻሽ ላይ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደአረጋይ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው በሩን አንኳኩ።

«ኢያቄም፣ ያንን ባትሪህን ለዛሬ አውሰን። ዘመድ ገና ከመንገድ እየገባ ነው፣ ድንኳኑ ጨለመብን።»

ኢያቄም በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ። አንዱን ባትሪ ቢሰጥ ሌላው ፓምፑን እስከ ጠዋት እንደሚያዞር ያውቃል። ያውቃል፤ ግን መብራቱ ነገም ባይመጣስ የሚለው ሐሳብ ቀደመው።

«ጋሼ፣ ማለቴ... ተበላሽቶብኛል። በቃ ከትናንት ጀምሮ አልሠራ አለኝ።»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። የኢያቄም አፍ ግን አልከዳውም፤ ባለቤቱ ያዘዘውን ነው የተናገረው።

ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ደነገጡ። «ውይ፣ ታዲያ እንስሶችህስ?»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለና በሩን ዘጋ። የገንዳው ሰማያዊ መብራት ወደ ግቢው እንዳይታይ መጋረጃውን ሳበ። ያኔ አፈረ። ቢሆንም ከለቅሶ መቅረት የባሰ ነውና ፊቱን ታጥቦ ወረደ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው በሻማ ተቀምጧል። ኢያቄም ጥግ ይዞ ኩርምት አለ፤ ወሬው ግን ቀድሞት ወርዷል። አጠገቡ ያለው ሰውዬ «አይዞህ» አለው። ከፊቱ የተቀመጠችው ሴት ዞራ «እግዜር ያውቅልሃል» አለችው። ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ እሱ ራሱ ይጽናና ጀመር። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ወዲያው የሟች ወንድም ከጎተራ ሰፈር ትንሽ ጄኔሬተር በታክሲ ጭኖ ደረሰ። ሰዉ እፎይ አለ። የሟች ባለቤት ወይዘሮ እጸገነት ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ቀና አሉ።

«እሱን ወደ ላይ አውጡለት፣ ለኢያቄም።»

«እትዬ፣ ኧረ አይገባም፣ እኔ...»

«ዝም በል ልጄ። እኛ በሻማ እንቀመጣለን። ዛሬ በዚህ ግቢ ሌላ ነገር እንዲሞት አልፈልግም።»

«አልተበላሸም» የምትለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣች። ያ ሁሉ ሰው ፊት ግን አልወጣችም። ሁለት ሰዎች ጄኔሬተሩን ተሸክመው ቀደሙ፤ ጋሽ ወልደአረጋይ የስልካቸውን መብራት አብርተው ተከተሏቸው። ኢያቄም ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ከኋላ ወጣ።

ሦስተኛ ፎቅ ሊደርሱ ሲሉ ሰዎቹ ሸክማቸውን ደረጃው ላይ አሳርፈው ቆሙ። በሩ ድረስ የመጡት ሽማግሌው ብቻ ናቸው። ኢያቄም ከፈተ። ፓምፑ ያጉተመትማል፤ ሳሎኑ ሰማያዊ ሆኗል፤ ኮራሎቹ ደህና ናቸው። ጋሽ ወልደአረጋይ መጀመሪያ እነሱን አዩ፣ ከዚያ የተሳበውን መጋረጃ፣ ከዚያ ወለሉን። ኢያቄምን አላዩትም።

«ጋሼ...»

በእጃቸው አስቆሙት። ወደ ደረጃው ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ባትሪው ተነስቷል! በራሱ ጊዜ ተነስቷል፤ ጄኔሬተሩን መልሱት።» ሽማግሌ ናቸው፤ የሰው ገመና ሲሸፍኑ ነው የኖሩት። ሲወርዱ ግን ደህና እደር አላሉትም።

ኢያቄም መሃል ሳሎን ቆሞ ቀረ። አንዱን ባትሪ ነቅሎ ተከትሏቸው ሊሮጥ ፈለገ። አሁን ቢያወርደው ግን ለእሱ ሲሉ የዋሹትን ሽማግሌ በሰው ፊት ውሸታም ማድረግ ነው። ይቅርታ የሚጠይቅበትን በር እንኳ ራሱ ዘግቶታል። ሄዶ መስኮቱ አጠገብ ቆመ፤ ታች የሚባለው ሁሉ ይሰማል።

«ተረፉለት?» አሉ ወይዘሮ እጸገነት፣ በለቅሶ በተዘጋ ድምፃቸው።

«ተርፈዋል።»

«ተመስገን» አሉ። ድንኳን ሙሉ ሰው ተቀብሎ ተመስገን አለ።