ላፕቶፑ ዝም ያለ ቀን

ጠበቃ ትግሉ ዓይነ ስውር ነው። ደብረ ማርቆስ ተወልዶ፣ ሕግ ሊማር ሶዶ መጥቶ እዚያው ቀረ። ሥራውን የሚሠራው በጆሮው ነው፤ ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ድምፁ ሻካራ፣ አማርኛውም የሚንገዳገድ ቢሆንም ለምዶታል።

ያን ቀን ጠዋት የቦሼን ይግባኝ እየጻፈ ነበር። ቦሼ ባሏ የሞተባት፣ ተበላ ከምትባለው የወላይታ ከተማ አካባቢ የመጣች ገበሬ ናት። የባሏ ወንድም ካሳቫዋን ነቅሎ መሬቷ ላይ በቆሎ ዘራበት፤ የመጀመሪያው ፍርድም ለእሱ ሆነ። የፍርዱ ግልባጭ ተጓትቶ ትግሉ እጅ የገባው ገና ትናንት ነው፤ የይግባኙ ጊዜ ደግሞ ዛሬ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሲዘጋ ያበቃል። ከሦስቱ የይግባኝ ምክንያቶች ሁለቱ ተጽፈዋል። ዋናው ሦስተኛው ነበር።

እሱን ሊጀምር ሲል ላፕቶፑ በእንግሊዝኛ አቋረጠው፤ «የድምፅ ድራይቨርዎ አርጅቷል፤ አሁን ይታደስ?» ድራይቨር ኮምፒውተሩን ከድምፅ ማጉያው ጋር የሚያግባባ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ጥያቄውን የሚያመጣው፣ ትግሉ ባለፈው ወር በነጻ አግኝቶ ያወረደው፣ ድራይቨሮችን ሁሉ አድሳለሁ ባይ ነገር ነው። ጠዋቱን ሙሉ ሲጨቀጭቀው አርፍዶ ነበር። ትግሉ እንዲተወው ብሎ ብቻ «ኢንተር» የሚባለውን ቁልፍ ተጫነ።

ድምፅ ማጉያው አንዴ ጠቅ አለና ጸጥ አለ። አጥፍቶ አበራው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካ። ምንም የለም። ጭራሽ መብራትም ጠፋ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ወፍጮ ድምፁ ቀስ እያለ ቆመ።

ቦሼ የደረሰችው ያኔ ነው። «ልጄ፣ አለቀ?» አለች ከበሩ ላይ።

ትግሉ ሊዋሻት አልቻለም። «አላለቀም እናቴ። ይዘውኝ ይውጡ።»

የትግሉ ጸሐፊ ለቅሶ ሄዷል። ትግሉ ክንዷን ይዞ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቆቹን እስከ ከሰዓት ዞሩ፤ መብራት ስለሌለ ሁሉም ዝግ ናቸው። ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ያለችው ብቻ ጄኔሬተር አስነሥታለች። የሱቋ ባለቤት ግን ቀና ብላም አላየቻቸው። «ከፍላሽ ማተም ብቻ ነው። ጽሕፈት አንቀበልም፤ ሰልፉን አታዩም እንዴ?»

ከሰልፈኞቹ አንዱ ላፕቶፑን ተቀብሎ ትንሽ ጎረጎረ። «ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው። ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫንልህ?» አለ። ትግሉ ከእጁ መንጭቆ ወሰደበት። ከዚያ በኋላ ለማንም መስጠት ፈራ። ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ቤሌ የምትባል ከተማ ላለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ወዳጁ፣ ለሰሎሞን፣ ደወለ።

«የሚሠራ ድራይቨር አይነካም አላልኩህም?» ሰሎሞን ጮኸ። «ከተነካም ሥራ በሌለህ ቀን፣ ከራሱ ከአምራቹ ገጽ፣ ቢበላሽ ወደ ነበረበት የሚያስመልስ መመለሻ ነጥብ ይዘህ ነው!»

«በኋላ ትቆጣኛለህ። አሁን ምን ላድርግ?»

«ሮል ባክ አድርገው፤ ወደ ድሮው ይመለሳል። ሮል ባክ እምቢ ካለህ ከዝርዝሩ የራሱን የዊንዶውሱን…»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደጋግሞ ሞከረ፤ አልገባም።

ትግሉ ስልኩን ጭኑ ላይ ጣለ። «የትኛውን ቁልፍ እንደምጫን አውቃለሁ። ስክሪኑ የሚለውን የሚያነብልኝ ዓይን ነው ያጣሁት፣ ያውም በእንግሊዝኛ።»

«እንግሊዝኛ አላውቅም» አለች ቦሼ። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ፊደሉን ግን አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ወላይትኛ ማንበብ ስንማር በዚሁ ፊደል ነው።»

ትግሉ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አደረገና ከጎኗ ሆኖ ሁለት ሦስት ቁልፍ ተጫነ። «ከላይ ምን ይላል?»

«ዴ… ቢ… ጬ። ዴቢጬ ማናጌር።»

ትግሉ ግራ ገባው። ፊደሉን አንድ በአንድ ስትነግረው ግን ተገለጠለት። በወላይትኛ አጻጻፍ «ሲ» ጭ ነው፣ «ኤክስ» ደግሞ ጥ። ዲቫይስ ማናጀር፣ የኮምፒውተሩ ዕቃዎች የተዘረዘሩበት ገጽ፣ ማለቷ ነው።

«ጎሽ! እኔ ወደ ታች ስወርድ ሰማያዊው ቀለም ያረፈበትን ያንብቡልኝ።»

ብዙ ቃል አለፉ፤ አንዳንዱን ሁለቴም ሦስቴም አስደገማት። በመጨረሻ «ሶውንድ» አለች፤ ድምፅ ማለት ነው። ከፈተው። ሮል ባክ ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ድምጿ ቀነሰ።

«ሮል ባጭክ ድሪበር ይላል። ግን ከሌላው ፈዘዝ ያለች ናት።»

«ጥቁር አይደለም?»

«አይደለም። እንደ አመድ ናት።»

ትግሉ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ፈዛዛ ከሆነ የድሮው ድራይቨር የለም፤ ያ ነጻ ፕሮግራም ጠራርጎታል። ወደ ግቢው የሚገቡ ሰዎች እግር እየሳሳ፣ የሚወጡት እየበዛ መሆኑን ይሰማል።

«ልጄ» አለች ቦሼ። «ዛሬ ካልገባ መሬቱ ሄደ ማለት ነው?»

«አዎ።»

ቦሼ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። «አራት ልጆች አሉኝ። ወዴት ነው የምወስዳቸው?»

ትግሉ ሰሎሞን ሳይጨርስ የቀረውን ነገር በአእምሮው አመላለሰው። ከዝርዝሩ። የራሱን። የዊንዶውሱን።

«እናቴ፣ አንዴ እንደገና ይዩልኝ።»

የድራይቨሩን ማደሻ ከፍቶ፣ ከኢንተርኔት መፈለጉን ትቶ፣ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ዝርዝር እንዲያወጣለት አደረገ። ቦሼ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች አነበበች፤ «ሂግ ዴፊኒቲዮን አውዲዮ ዴቢጬ።»

«እሱ ነው፣ የዊንዶውሱ የራሱ! እሱ ላይ ነን? ቀጥሎስ?»

«ኔጥት።»

«ኔክስት! ኔክስት ማለት ነው።» ተጫነው።

«ቢጫ ነገር መጣች። ብዙ ጽሑፍ ናት። ታች የስ እና ኖ አለ። ጥግ ላይ ደግሞ ባትሪዋ ቀይ ሆነች።»

ማስጠንቀቂያው ምን እንደሚል አልጠየቃትም። የሚመርጠው ሌላ መንገድ አልነበረም። «የስ» የሚለውን ተጫነ። ጠበቁ። ቦሼ በወላይትኛ ትጸልይ ነበር፤ ትግሉ የገባው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ «ጦሳ»፣ እግዚአብሔር።

ድንገት ያ ሻካራ ድምፅ ጭኗ ላይ መናገር ጀመረ። ቦሼ ደንግጣ ላፕቶፑን ልትጥለው ነበር። ትግሉ ግን ቀድሞ ወደ ጭኑ ወስዶት እያለቀሰ ይጽፍ ነበር። ሁለት ገጽ ሊያደርገው ያሰበውን ሦስተኛ ምክንያት በአምስት መስመር ጨረሰው። በኪሱ የነበረው ፍላሽ ላይ ገልብጦ እንደነቀለ ላፕቶፑ ጠፋ።

ቦሼ ፍላሹን ይዛ የማተሚያ ሱቋን ሰልፍ እየለመነች አለፈች፤ ይግባኙም ታተመ። መዝገብ ቤት የደረሱት ሠራተኛዋ ቁልፍ ይዛ ስትወጣ ነው። ሴትየዋ ከቦሼ እግር ላይ ያለውን አቧራ አየች፣ ከዚያ ትግሉን፣ ተመልሳም ከፈተች። ማኅተሙ ወረቀቱን ሲመታ ትግሉ ግድግዳውን ተደገፈ። ያ አጭር ሦስተኛ ምክንያት ዳኞቹን ያሳምን እንደሆነ አያውቅም። የተሻለ ሊጽፈው ይችል እንደነበር ግን ያውቃል።

ቅዳሜ ሰሎሞን ከቤሌ መጥቶ ያን ነጻ ፕሮግራም ነቀለው፤ ትክክለኛውን ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ አወረደ፣ መመለሻ ነጥብም አበጀ። ሲሠራ አንድ ቃል አልተቆጣም፤ ትግሉን ይበልጥ ያሳፈረውም ይኸው ነው።

ይግባኝ ሰሚው ችሎት የባሏ ወንድም መልስ እንዲያቀርብ አዘዘ። ቦሼ በየቀጠሮው ከተበላ ትመላለሳለች። መሬቷ ላይ ያለው በቆሎ ግን ደርሷል፤ እየሰበሰበ ያለውም የባሏ ወንድም ነው።