ባልና ሚስት የተባሉት ወፎች

በዘውዲቱ ዘመን ሆሳዕና ከተማ፣ የዳኛውን ጸሐፊ ወንዳፈረውን ያህል የማያውቀውን ነገር አስረግጦ የሚናገር ሰው አልነበረም። ሚስቱ ወይንሸት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ እንደ ወጉ አንጋጫ ወዳለው እናቷ ቤት ሄዳ መውለድ ትፈልጋለች። እሱ ግን እንዳትሄድበት ሁለት ወፎችን ጠበቃ አቁሟል።

ወፎቹ ከጓሮው እንሰት አጠገብ ካለው ዋንዛ ላይ አይጠፉም። ሁለቱም ትንንሽ፣ ሁለቱም ዝምተኞች ናቸው። ዝንብ ስታልፍ ውልብ ብለው ይይዙና ተመልሰው ቅርንጫፋቸው ላይ ቁጭ ነው። አንዱ አመድማ፣ ሌላው ቡናማና አነስ ያለ።

«አመድማው ባል፣ ቡናማዋ ሚስት» አለ ወንዳፈረው፣ ፍርድ እንደሚያነብ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ። «አየሻት? ልወልድ ነው ብላ እናቷ ጋ አልሮጠችም።»

ወይንሸት ተናደደች። ወፎቹን ልትከታተል እንዝርቷን ይዛ ጓሮ መዋል ጀመረች። ከሰነበተች በኋላ ባሏን እጁን ይዛ አወጣችው።

«እስቲ ዓይናቸውን ይዩት። የአመድማው ቢጫ ነው፤ የቡናማዋ ጥቁር።»

«የሴት ዓይን ጥቁር ሲሆን ያምራል።»

«እሺ፤ ያቺ ዛፉ ላይ ጎጆዋ ውስጥ የተኛችውስ? እሷም አመድማ ናት፣ ዓይኗም ቢጫ። ቡናማው ደግሞ እዚህ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የራሱን ቢጤ ሲያጎርስ አይቼዋለሁ። ጌታዬ፣ እርስዎ ያጋቡት ሁለት ጎረቤት አባወራዎችን ነው።»

ወንዳፈረው ዛፉን አየ፣ ግድግዳውን አየ።

«እኔማ» አለ በመጨረሻ፣ «አንቺ የሌለሽበት ቤት ስለሚያስፈራኝ ነው።»

ወይንሸት ያዘጋጀችው ፌዝ ብዙ ነበር። ሁሉንም ዋጠችው። አንጀቷን በላው፤ ሐሳቧን ግን አላስቀየራትም።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ከፈሩ አብረውኝ ይምጡ።»

«ወንድ ልጅ አማቱ ቤት ሊታረስ? ሰው ምን ይለኛል?»

ቅዳሜ ዕለት ግን በቅሎዋን ጭኖ አብሯት ወጣ። ከዳኛው ፈቃድ እንዴት እንዳገኘ አልነገራትም። የነገራት በኋላ ለገበያ አንጋጫ የመጣው የችሎቱ ዘበኛ ብሩ ነው። ዳኛው ምክንያቱን ቢጠይቁት፣ ወንዳፈረው ባለጉዳይ በሞላበት ችሎት መሐል ቆሞ «ሚስቴ ልትወልድ ነው፤ ያለ እሷ ማደር አልችልም» ብሏል። ሰው ሁሉ ሳቀበት አለ ብሩ፣ አሁንም እየሳቀ።

ወይንሸት አልሳቀችም። ተነሥታ ባሏን ፍለጋ ወጣች።