እንየሽ በራሷ ብር የገዛችው

፩

«ለማን ነው?» አለ ጋሽ ኑርዬ፣ ግራሶ የነካ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

ሳይክል ሲሸጥና ሲጠግን ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። መጀመሪያ ያየው ልጅቷን፣ ስመኝን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ኮሌጅ ትማራለች። ቁመቷን በዓይኑ ለካና ኮርቻውን ሊያስተካክልላት መፍቻ አነሳ።

«ለእሷ አይደለም» አለች እናትየዋ።

«እንግዲያ ለወንዱ ልጅ?»

«ወንድ ልጅ የለኝም።»

«ታዲያ ለማን?»



«ለእኔ።»



፪

ስለ ሴትየዋ መነገር ያለበት። (ሁሉም አይነገርም። ሳይክል ለመግዛት የሚያበቃውን ያህል ብቻ።)

ስሟ እንየሽ ነው፣ ዕድሜዋ አርባ ስድስት። ባሕር ዳር ተወልዳ፣ ባሕር ዳር አድጋ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ በአሥራ ሁለት ዓመት ለሚበልጣት ሹፌር ተዳረች። ባሏ አበረ ክፉ ሰው አይደለም። ሰክሮ ገብቶ አያውቅም፣ እጁን አንሥቶባት አያውቅም፣ ቤቱንም አላስራበም። ብቻ የቤቱ ብር ሁሉ የሚያድረው በሸሚዙ የደረት ኪስ ውስጥ ነበር። ኪሱ ደግሞ ቁልፍ አለው።

ስለዚህ እንየሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚያስፈልጋትን ነገር አፍ አውጥታ መናገር ነበረባት። ስመኝ ከልጅነቷ ጀምሮ፣ እናቷ በዚያ ኪስ ፊት ቆማ ስትላቸው የሰማቻቸው እነዚህ ናቸው፦

  ሳሙና አልቋል።

  የልጅቷ ጫማ ጠቧታል።

  ክር።

  የእድሩ ቀን ደርሷል።

  የጡት መያዣ። (ይህን በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ቀስ ብላ።)

  ክር፣ ያኛው አልበቃም።

አበረ ይሰጣል። ሁልጊዜም ይሰጣል። ግን ከመስጠቱ በፊት የኪሱን ቁልፍ እስኪፈታ ድረስ የምትቆጠር አጭር ጊዜ አለች። ስመኝ የማትወደው ያቺን ጊዜ ነው። እናቷ ያን ጊዜ መሬት መሬት ታያለች።


፫

አበረ የሚነዳው አይሱዙ የሌላ ሰው ነበር። ባለቤቱ አንድ ቀን ሸጠውና አበረ በአምሳ ስምንት ዓመቱ ቤት ዋለ። ባለ መኪኖቹን አንድ በአንድ እየዞረ ጠየቀ። ሁሉም በአክብሮት ተቀበሉት፣ ሻይ ጋበዙት፣ ሥራውን ግን ለወጣቶች ሰጡት። ከዚያ በኋላ በር ላይ ዱካ አውጥቶ ተቀምጦ የሚያልፉትን መኪኖች በድምፃቸው መለየት ልማዱ ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት እንየሽ ለማንም ሳትናገር ተነሥታ ሐይቁ ዳር ወዳለ አንድ ሆቴል ሄደች። የልብስ እጥበት ክፍሉ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ነው።

  የሥራ ማመልከቻ ቅጽ

  ሙሉ ስም፦ እንየሽ ዘለቀ

  ዕድሜ፦ 46

  የትምህርት ደረጃ፦ 6ኛ

  የጋብቻ ሁኔታ፦ ያገባች

  የሥራ ልምድ፦

«ልምድ የለም ልበል?» አላት ኮምፒውተሩ ላይ የሚሞላላት ልጅ።

«ልምድ ምንድን ነው?»

«ከዚህ በፊት የሠሩት ሥራ።»

«ሠላሳ ዓመት ልብስ አጥቤያለሁ።»

ልጁ ፈገግ አለ። «በደመወዝ ማለቴ ነው፣ እናቴ።»

እንየሽ ጥቂት አሰበች። «እሱን ክፍቱን ተወው። ‹የለም› ግን አትበል።»


፬

ሦስት ወር አንሶላ አጠበች። የሰርግ ወቅት ነበርና የጠረጴዛ ልብስም ተጨመረ። እጇ ላይ የማታውቀው ዓይነት ሽፍታ ወጣ፣ ቅባት እየተቀባች ቀጠለች። የመጀመሪያው ደመወዝ የቤት ኪራይና ጤፍ ሆነ፣ ሁለተኛውም እንዲሁ።¹ በሦስተኛው ላይ የትርፍ ሰዓቱ ታከለበትና፣ የቤቱ ወጪ ሁሉ ከተሸፈነ በኋላ እጇ ላይ የቀረ ነገር ተገኘ።

አንድ ቅዳሜ ስመኝን «ተነሽ፣ አብረሽኝ ሂጂ» አለቻት።

«ወዴት?»

«ዕቃ ልገዛ ነው።»

ስመኝ ዘንቢል አነሳች። እናቷ አይታት ሳቀችና ዘንቢሉን ከእጇ ተቀብላ ግድግዳው ላይ መልሳ ሰቀለችው።

————
¹ ጤፍ ግዢ አይደለም ወይ? ነው። እንየሽ ግን አትቆጥረውም። «መጀመሪያ በራስሽ ብር የገዛሽው ምንድን ነው?» ተብላ ስትጠየቅ ጤፉን ዘልላ ነው የምትመልሰው። እዚህም የተቆጠረው እንደ እሷ ነው።


፭

ስመኝ እናቷ ሳይክል መንዳት እንደምትችል የሰማችው ወደ ጋሽ ኑርዬ ሱቅ ሲሄዱ፣ በመንገዱ ዳር ካሉት ዘንባባዎች ሥር ነው።

«አንቺ? ሳይክል?»

«ወንድሜ ነበረው። እሱ ትምህርት ቤት ሲሆን እየወሰድኩ ዓባይ ድልድይ ድረስ እነዳ ነበር። እጄን ለቅቄ።»

«እጅሽን ለቅቀሽ!»

«ሁለቱንም። ቁልቁለቱ ላይ ቀሚሴ እንደ ጃንጥላ ይነፋል። አባቴ ሁለት ጊዜ ገርፎኛል። በሦስተኛው ሰለቸው መሰለኝ ተወኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አገባሁ።»

ስመኝ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ያለ መስሏት ጠበቀች። ምንም አልመጣም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራት የኖረች ሴት ናት። ጨው ስንት ጊዜ እንደምትቀምስ፣ ሲከፋት የትኛውን ጉንጯን እንደምትነክስ ስመኝ ታውቃለች። ቁልቁለት ላይ እጇን የለቀቀችውን ልጅ ግን አሁን ገና መተዋወቋ ነው።


፮

«ትችያለሽ?» አለ ጋሽ ኑርዬ።

እንየሽ ነጠላዋን ለስመኝ አቀበለች። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ያዘችና ያገለገለውን ቀይ ሳይክል ከተደገፈበት አነሳች። አንድ እግሯን ፔዳሉ ላይ አድርጋ በሌላው መሬቱን ሁለት ጊዜ ገፋች።

ወዘወዛት።

ወደ ግራ አዘነበለች፣ ወደ ቀኝ።

ከዚያ



ሄደች።



ጋሽ ኑርዬ መፍቻውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እንየሽ ከሱቁ ፊት ያለውን ባዶ ሜዳ አንዴ ዞረች። ሁለተኛ ዞረች። በሦስተኛው ዙር በአጠገባቸው ስታልፍ ስመኝ የእናቷን ፊት አየች። እዚህ ላይ ስለዚያ ፊት ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር። ግን ስመኝ ስትናገር «አገጯ ቀና ብሎ ነበር» ትላለች እንጂ ሌላ አትጨምርም። እኛም አንጨምርም።

ስትወርድ ትንፋሿ ተቆራርጧል። ጋሽ ኑርዬ ከመደርደሪያው የምታብለጨልጭ ደወል አወረደና መሪው ላይ ያስር ጀመር።

«ለዚህ አልከፈልኩም» አለች።

«ምርቃት ነው።»


፯

ወደ ቤት ሲመለሱ ስመኝ እናቷን መከረቻት። «አባዬን የባጃጅ ወጪ ይቀንሳል በይው። እውነትም ነው፤ ሆቴሉ ሩቅ ነው።» እንየሽ ሳይክሉን እየገፋች ሰማቻት።

በሩ ላይ የተባለው ቃል በቃል ይህ ነው፦

  አበረ፦ የማን ነው?

  እንየሽ፦ የእኔ።

  አበረ፦ ሆቴሉ ነው የሰጠሽ?

  እንየሽ፦ ገዝቼው ነው።

  ስመኝ፦ አባዬ፣ ለባጃጅ የምታወጣው እኮ…

  እንየሽ፦ ተይ ስመኝ።

  ስመኝ፦ በወር ሲታሰብ…

  እንየሽ፦ ተይ አልኩሽ። ለባጃጅ ብዬ አይደለም።

  (አንድ ሲኖትራክ አለፈ። አበረ ዞሮ አላየውም።)

  አበረ፦ ታዲያ ለምን ብለሽ ነው?

  እንየሽ፦ ፈልጌው ነው።

  አበረ፦

  እንየሽ፦ የቤቱን አጉድዬ እንዳይመስልዎት። ኪራዩ ተከፍሏል፣ ጤፉም አለ። ይህን ግን ለማንም ብዬ አልገዛሁትም። ፈልጌው ነው።

የአበረ መስመር ባዶ የሆነው በስህተት አይደለም። በዚያ ቤት ውስጥ «አልቋል» ይባል ነበር፣ «ጠቧታል» ይባል ነበር፣ «ደርሷል» ይባል ነበር። «ፈልጌው ነው» የሚል ቃል ሲነገር ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። አበረ ዱካውን አንሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።


፰

ሰኞ ጠዋት፣ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሰው ተሰልፎ።

ስመኝ ያን ዕለት ወደ ኮሌጅ ስትሄድ ሳይክሏን ቀስ ብላ እየነዳች ወደ ሥራ ከምትሄደው እናቷ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ደብተሯ ወድቆባት አልነበረም፣ ጫማዋም አልተፈታም። ወደ ኋላ የቀረችው ከእናቷ ጋር እንዳያይዟት ነው። ሰልፉ ውስጥ የክፍሏ ልጆች አሉ።

የእንየሽ ቀሚስ ጫፍ የሳይክሉ ካቴና ውስጥ ገባ።

ሳይክሉ ቆመ፣ እሷ አልቆመችም። በጉልበቷና በመዳፏ አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ደወሉ ብቻውን አንድ ጊዜ ጮኸ። ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላም ተከተለው። አንዲት አሮጊት «ምነው አንቺ፣ በዚህ ዕድሜሽ!» አሉ።

ስመኝ አልሮጠችም።



ይህ ባዶ ቦታ የእሷ ነው። ቆማ የቀረችበት ጊዜ ይህን ያህል ነበር ትላለች።



፱

እንየሽ ግን ማንም እስኪያነሳት አልጠበቀችም። ተቀመጠች። የተቀረቀረውን ቀሚስ ሳበች፤ እምቢ ሲላት በጥርሷ ይዛ ቀደደችው። ሳይክሉን ገልብጣ በኮርቻው አቆመችው። የወለቀውን ካቴና በሁለት ጣቷ አንሥታ የብረት ጥርሶቹ ላይ አስገባችና ፔዳሉን በእጇ አዞረችው፤ ካቴናው ቦታውን ያዘ። ጉልበቷ እየደማ ነው። ጣቶቿ ግራሶ ሆነዋል። የሳቁት ሰዎች ቀስ በቀስ ሳቁን ትተው ማየት ጀመሩ። ሳይክል ጠግኖ የማያውቅ ሰው የሚያውቅን ሰው እንደሚያይ ዓይነት።

ቀና ስትል ልጇን አየቻት።

ስመኝ ያን ጊዜ ነው የመጣችው። በሰልፉ ፊት አልፋ፣ ከክፍሏ ልጆች ፊት፣ መሪውን ያዘችላት።

«እማዬ…»

«ደህና ነኝ። ሰዓት ረፍዶብኛል» አለች እንየሽ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞራ፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ «ዕድሜዬማ አርባ ስድስት ነው፣ እማማ። ገና ነኝ» ብላ ሳይክሉ ላይ ወጣችና ነዳች።


፲

ማክሰኞ ጠዋት የሳይክሉ ኮርቻ ላይ የታጠፈ ሱሪ ተገኘ። የአበረ የሥራ ሱሪ ነው፣ ከአይሱዙው ዘመን የቀረ። ወገቡ በእጅ ስፌት ጠቧል፤ የስፌቱ መስመር ጠማማ ነው፣ የእንየሽ ስፌት አይደለም። ስመኝም አልሰፋችውም።

እንየሽ ከቀሚሷ ሥር አጥልቃው ወጣች። በሩ ላይ ዱካው ላይ የተቀመጠው ሰው መኪና የሚያዳምጥ መሰለ።




፲፩

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የሰፈሩ ሰው ያለው፣ እንደ ቅደም ተከተሉ፦

  አበደች።

  ባሏ ምን ይላል?

  እግዜር ይጠብቃት።

  እንየሽ፣ ስትመለሽ ከፋርማሲ መድኃኒት ታመጭልኛለሽ?

  ልጄን ታስተምሪያታለሽ?

የመጨረሻዋን የጠየቀችው ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቀድማ የሳቀችው ሴት ናት። እንየሽ አስተማረቻት። ስመኝንም ቀደም ብላ አስተምራታለች። አሁን እናትና ልጅ በየተራ ነው የሚይዙት። ስመኝ ኮሌጅ በር ላይ ስትደርስ ሆን ብላ ደወሉን ትደውላለች። «የማን ነው?» ሲሏት «የእናቴ» የምትልበት አነጋገር አለ። ጓደኞቿ ይኮርጁታል።


፲፪

እሑድ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ሳይክሉ ቦታው ላይ የለም። አበረም ቤት የለም።

እናትና ልጅ ፈልገው ያገኟቸው ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ነው፣ ሁለቱንም። አበረ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ አፈር ነክቶታል። ሲያያቸው ሳይክሉን ሊጥለው ፈለገ፤ ግን አልጣለውም።

«ሠላሳ ዓመት መኪና ነድቻለሁ» አለ። «ተሳቢ ነድቻለሁ። የጎሃ ጽዮንን ቁልቁለት በጭጋግ ወርጃለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች እንየሽ።

«ይህን ግን…» ኮርቻውን መታ መታ አደረገው። «ልጅ ሆኜ የሚያስተምረኝ አልነበረም። ካደግኩ በኋላ ደግሞ ማንን እጠይቃለሁ?»

ስመኝ አባቷ ሰውን እርዳታ ሲጠይቅ ሰምታ አታውቅም። መሬት መሬት እያየ ነው የተናገረው።

«ያዢልኝ» አለ።

እንየሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ሄዳ ከኋላው ቆመች። አበረ ኮርቻው ላይ ወጣ፤ ሳይክሉ ተንገዳገደ፣ ተስተካከለ፣ ሄደ። እሷም ከኋላው እየሮጠች። አምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ትከሻ እንደ ሕፃን ትከሻ ወደ ጆሮው ተሰብስቧል።

ሜዳው መሐል ላይ ሲደርሱ ሳይዞር ጮኸ።

«ይዘሽኛል?»

ስመኝ ከቆመችበት የእናቷ እጅ አይታያትም። የሚታያት የእናቷ ጀርባና ሩጫዋ፣ ከፊቷም እየራቀ የሚሄደው ሳይክል ብቻ ነው።

«እንየሽ! ይዘሽኛል ወይ?»



«                                        »